ኑዛዜን ስለ መለወጥና ስለ ማደስ

ኑዛዜ ሰው በሕይወቱ ሳለ ተናግሮት ከሞተ በኋላ የሚሠራ ቃል ነው። ሌላው ቃላችን ሁሉ እኛው ቆመን የምንተረጕመው፥ ቢጐድል የምንሞላው፥ ቢጣመም የምናቃናው ነው፤ የኑዛዜ ቃል ግን ሥራውን የሚጀምረው ተናጋሪው ዝም ባለ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ከመቃብር ተነሥቶ፥ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው፥ ሊል አይችልምና በኑዛዜ ውስጥ የቀረች አንዲት ጉድለት ልጆቹን በፍርድ ቤት ደጅ ብዙ ዘመን ታንከራትታለች።

ሰው ሳይናዘዝ እንዳይሞት ብዙ ጊዜ ተመክሯል፤ ተጽፏልም። ጥቂት የተነገረለት ነገር ግን የተደረገውን ኑዛዜ በየጊዜው መመርመርና እንደ ሕጉ መለወጥ ነው። ብዙ ሰው በነፍስ አባቱና በአገር ሽማግሌ ፊት አንድ ጊዜ ከተናዘዘ በኋላ ቃሉን መለወጥ ቃል ማፍረስ ይመስለዋል። ሌላውም ኑዛዜ መነካካት ሞትን መጥራት ነው ብሎ ይፈራል። በሁለቱም ምክንያት የዛሬ ዐሥርና ሃያ ዓመት የተጻፈ ወረቀት በሣጥን ውስጥ እንደ ታሰረ ይኖራል፤ በዚያ መካከል ግን ልጅ ይወለዳል፥ ትዳር ይፈርሳል፥ ከብቱ ያልቃል፥ ቤቱ ይሸጣል። ወረቀቱ ባለበት ይቆማል እንጂ ኑሮው አብሮት አይቆምም።

የመጻሕፍት ትምህርት ያላቸው አባቶች እንደሚያውቁት ሐዋርያው ወደ ዕብራውያን በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 9 ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት እንደ ሆነ፥ በሕይወቱ ሳለ ግን ኀይል እንደሌለው ያስረዳል። እንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው ኑዛዜውን ቢለውጥ የጸና ነገር አላፈረሰም፤ ገና ያልጸናውን አስተካከለ እንጂ። የንጉሡ የሕዝቅያስም ታሪክ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሞቱ እንደ ቀረበ ነግሮ ስለ ቤቱ እንዲያዝዝ አሳሰበው፤ ንጉሡ ግን አልቅሶ ቢለምን 15 ዓመት ዕድሜ ተጨመረለት። እርሱ በሞተ ጊዜ የነገሠው ልጁ ምናሴ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። ቍጥሩን ለሚያስተያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ መንግሥቱን የወረሰው ልጅ ሕዝቅያስ ስለ ቤቱ እንዲያዝዝ በታዘዘበት ቀን ገና አልተወለደም ነበር። በዚያን ቀን የተጻፈ ኑዛዜ ቢኖር ኖሮ ዋናውን ወራሽ አያውቀውም ነበር ማለት ነው። በሕመም ጊዜ ተናዞ የዳነ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ለራሱ እንደ ተጻፈ አድርጎ ቢያየው መልካም ነው።

ከደባርቅና ከዳባት ጀምሮ እስከ ቡይት ራስና እስከ ስሜን ደጋ ድረስ ባለው አገር ኑዛዜ የቆየ ልማድ አለው። ሕመሙ የጸናበት ሰው የነፍስ አባቱን ያስጠራል፤ ጎረቤትና ዘመድ ይሰበሰባል፤ ዕዳው፥ ገንዘቡ፥ የቀብሩና የተዝካሩ ነገር ይነገራል፤ ማንበብ የሚችል ካህን ወይም ደብተራ ይጽፋል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናትም የመሬት ስጦታ፥ ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ስለ ነበረ፥ የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት የዚያን ዘመን የርስት ነገር ያጠኑት ከእነዚህ ጽሕፈቶች ነው። አባቶቻችን፥ በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጣፍ ያለ ይወረሳል፥ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጽሕፈቱ እንዳይፈርስም በመጨረሻው ውግዘት ይጨመርበት ነበር። ውግዘት የኅሊና ጠባቂ ነው፤ የዛሬ ዳኛ ግን ኑዛዜ በቀረበለት ጊዜ የሚመረምረው ቀኑን፥ ፊርማውን፥ ምስክሩንና መነበቡን ነው። ብዙ እውነተኛ ኑዛዜ የፈረሰው ቃሉ ሐሰት ሆኖ ሳይሆን ሥርዐቱ ጐድሎ ነው።

ከዚህ ቀደም በፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የተጻፈው አንቀጽ ለሊቃውንቶቻችን የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፥ በውስጡ ስለ ተደነገገው ነገር ሁሉ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን የተጻፈና የልማድ ሕግ ሽሮ ተተክቷል። ስለዚህ ዛሬ ኑዛዜ የሚጻፈውም፥ የሚለወጠውም፥ የሚሻረውም በዚህ ሕግ ነው።

ሕጉ በቍጥር 880 ሦስት ዐይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ነገር ግን በቍጥር 881 እንደ ታዘዘው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፥ መነበቡና የተነበበበት ቀን በጽሑፉ ውስጥ ካልተመለከተ፥ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ካልፈረሙበት ወይም የጣት ምልክት ካላደረጉበት አይጸናም። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፥ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው እንደ ሆነ በቍጥር 882 መሠረት ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ይህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሱ እጅ መጻፍ፥ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፥ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ሦስተኛው በቃል ለሁለት ምስክሮች የሚነገረው ነው።

የቃል ኑዛዜ ወሰኑ ጠባብ ነው። የሚፈቀድበት ስለ ቀብር ሥርዐት ለማዘዝ፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ለመስጠት፥ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችም አሳዳሪ ወይም ሞግዚት ለመሰየም ብቻ ነው። 500 ብር ሕጉ በወጣ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ የአንድ በግ ዋጋ አይሆንም። ከዚህም በላይ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ የቃል ኑዛዜው ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜ እንደ ነበረው ባለ የጭንቅ ወራት ሰው ለአጠገቡ ሰው በቃል ቢናዘዝ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ጭንቁ አልፎ በሕይወት የተረፈ ሰው፥ ያን ጊዜ ተናግሬያለሁ፥ ብሎ ቢተማመን ቃሉ ከሦስት ወር በኋላ ባዶ መሆኑን ይወቅ። በጽሑፍ የተደረገውንም ትልቅ ኑዛዜ በአልጋ ላይ በሚነገር ቃል እለውጣለሁ ማለት በዚሁ ምክንያት የማያስተማምን መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ተናዛዡ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ኑዛዜውን ለመለወጥም ለመሻርም ነጻ ነው፤ አልለውጥም ብሎ አስቀድሞ የገባው ቃል እንኳ አያስረውም። ይህም ሥልጣን የእርሱ ብቻ ነው። ሚስት ስለ ባልዋ፥ ልጅ ስለ አባቱ፥ ነፍስ አባትም ስለ ንስሐ ልጁ ኑዛዜ ማድረግ፥ መለወጥ ወይም መሻር አይችሉም፤ ውክልና ቢሰጥም በቍጥር 857 መሠረት ውክልናው ከንቱ ነው። ባልና ሚስትም ፍቅራቸውን ለመግለጽ በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም። ሁለቱ ሁለት ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል፤ ያለዚያ ኑዛዜያቸው የጸና አይሆንም፤ የአንዳቸው ቃል በሌላው ሕይወት ታስሮ ይቀር ነበርና።

ለመለወጥ ከሁሉ የተሻለው መንገድ አዲስ ኑዛዜ መጻፍና በውስጡ የቀድሞውን ኑዛዜ ቀኑን ጠርቶ መሻሩን በግልጽ መናገር ነው። ሽረቱ ኑዛዜ በሚደረግበት ሥርዐት መደረግ አለበት፤ አራት ምስክሮች የሚያስፈልገው ኑዛዜ ሲሻርም ያለ ምስክር በተጻፈ ደብዳቤ ወይም ለወዳጅ በተነገረ ቃል አይሻርም። ተናዛዡ ከኑዛዜው አንዱን ክፍል ብቻ ለመለወጥ ቢፈልግ፥ የትኛው እንደ ተለወጠና የቀረው እንደ ጸና በዚያው ሥርዐት ለይቶ ይጻፍ። አዲሱ ስለ ቀድሞው ምንም ሳይናገር ቀርቶ ሁለቱ ቃላት አብረው ሊፈጸሙ የማይችሉ ቢሆኑ፥ ኋላ የተጻፈው ይበልጣል። ነገር ግን አብረው ሊፈጸሙ ይችላሉ ወይም አይችሉም የሚለው ራሱ የክርክር ምንጭ ነውና፥ ብልህ ሰው ይህን ለዳኛ ግምት አይተውም። ሁለት ኑዛዜ በተገኘ ጊዜ የቱ እንደሚቀድም የሚለየው ቀኑ ስለ ሆነ፥ ቀን መጻፍን እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም።

ተናዛዡ አስቦበት ኑዛዜውን ቢቀድ ወይም ቢሰርዝ ደግሞ ኑዛዜው ይሻራል። ለአንድ ሰው የተናዘዘውን ነገር ራሱ ወዶ ቢሸጠው ወይም ለሌላ ቢሰጠውም ስለዚያ ነገር የተናገረው ቃል ይቀራል፤ በዳባት ገበያ የተሸጠች ላም በኑዛዜ ለእገሌ ትሁን ተብላ ብትገኝ ተቀባዩ ባዶ ገመድ ይዞ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በአሮጌው ወረቀት ላይ የሚደረገው መደለዝና መጨመር ነው። ስም ሰርዞ በላዩ ሌላ ስም መጻፍ፥ በኅዳግ ላይ አንድ መስመር መጨመር የዱሮ ልማድ ቢሆንም፥ ያለ ፊርማና ያለ ምስክር የተጨመረ ቃል ማን እንደ ጨመረው አይታወቅምና ለጠብ በር ይከፍታል። የሚጨመር ነገር ቢኖር ተናዛዡ፥ ኑዛዜውም በግልጽ የተደረገ ከሆነ ምስክሮቹ ጭምር ይፈርሙበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ወረቀቱን እንዳለ ትቶ አዲስ መጻፍ ነው።

በገዛ እጁ የሚጽፍ ሰው አንድ ሌላ ነገር ይጠንቀቅ። እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በመጽሐፍ መካከል ወይም በሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ የከረመ ወረቀት ዘመኑ ሲያልፍ ከነጭ ወረቀት አይሻልም። ደግሞም ከሞት በኋላ ኑዛዜ አለኝ የሚል ሰው መኖሩንና ቃሉን ማስረዳት ያለበት ዋናውን ጽሑፍ ወይም በመዝገብ ሹም የተረጋገጠውን ግልባጭ አቅርቦ ነው፤ ወሬና መሐላ በጽሑፉ ፈንታ አይገቡም።

ኑዛዜ መቼ ይመርመር ቢባል መልሱ ኑሮ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ነው። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ቢቀበል፥ ኑዛዜው እንዳይሠራ ሕጉ ራሱ ያዝዛል፤ ስጦታውን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጽናት ግን ዳኛው ሥልጣን አለው። ባልና ሚስት በፍቺ ቢለያዩ ለትዳር ጓደኛ የተናዘዙት ስጦታ ይቀራል። ተናዛዡ፥ የሕግ ሐሳብ ሌላ ቢሆንም የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፥ የሚል እንደ ሆነ፥ ሳይዘገይ በአዲስ ጽሑፍ ይግለጠው። ልጁን ከውርስ ለመንቀል የሚፈልግ አባትም ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱ ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን ዳኛ ይመዝነዋል። አባት ልጁን በቍጣ ጊዜ ነቅሎ ኋላ ከታረቀው፥ ዕርቁን በቃል ብቻ አይተወው። ሽማግሌ ያስታረቃቸው አባትና ልጅ ወረቀቱ ግን ሳይታረቅ ቢቀር፥ አባት ከሞተ በኋላ የሚናገረው ዕርቁ ሳይሆን ቍጣው ነው።

የስሜን ሰው ይህን ነገር በተለይ ሊያስብበት የሚገባ ምክንያት አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንዲጠበቅ ሲባል በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከዚያ ከፍተኛ ደጋ ተነሥተው በደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል። እንበልና ከእነርሱ አንዱ አባወራ ቀድሞ፥ የወንዙ ዳር ማሳ ለታላቁ፥ የግጦሹ ዳር ለታናሹ፥ ብሎ ተናዞ ነበር። ዛሬ ያ ማሳ የእርሱ አይደለም፤ በፈንታው ካሳ ተከፍሏል፥ የከተማ ቤት ተሠርቷል። የገብስ ማሳ የተናዘዘለት ልጅ በካሳው ገንዘብ ምን ድርሻ አለው? በከተማው ቤትስ? ይህን ጥያቄ አንድ ገጽ አዲስ ኑዛዜ በአንድ ቀን ይመልሰዋል፤ ያለ እርሱ ግን ወንድማማቾች ዓመታት ይከራከሩበታል። በመንገድ፥ በከተማ መስፋፋት ወይም በሌላ ሥራ ምክንያት ይዞታው ለተለወጠበት ሁሉ ነገሩ አንድ ነው።

ስለ ገጠር መሬት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ገበሬው የሚናዘዘው የይዞታና የመጠቀም መብቱን ነው። ይህም መብት ለማንና እንዴት እንደሚተላለፍ የሚወስኑት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ዐዋጅ ቍጥር 1324 እና የክልሉ ዐዋጅ ቍጥር 252/2009 ናቸው። እንግዲህ ኑዛዜውን የሚለውጥ ገበሬ ቤቱንና ከብቱን በፍትሐ ብሔር ሕጉ፥ ማሳውን ግን በመሬት ዐዋጁም ጭምር መርምሮ ይናዘዝ፤ የወረዳውንም የመሬት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ።

በጊዜ ያልታደሰ ኑዛዜ በነገሥታትም ቤት ችግር አምጥቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፥ ራስ ቢትወደድ ተሰማን ሞግዚት አድርገው በዐዋጅና በመሐላ አስታወቁ። ብዙም ሳይቈይ ግን ሕመማቸው ጸንቶ ለመናገርና ለማዘዝ የማይችሉ ሆኑ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ኑዛዜው ያቆመው ሞግዚት ጠፋ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ በሕይወት ቢኖሩም ቃላቸውን ሊያድሱ አልቻሉም። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ሕዝቡን ከመሐላው ለመፍታት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ አስፈለጉ። ከዚህ የምንማረው ሰው ኑዛዜውን ሊያድስ የሚችለው አንደበቱና አእምሮው ሳይታሰሩ መሆኑን ነው። በአውሮፓም የታወቀው አልፍሬድ ኖቤል ቀደም ብሎ ያደረጋቸውን ኑዛዜዎች ሽሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በኅዳር 27 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ የመጨረሻውን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች አስፈረመ፤ በዓመቱም ሞተ። ዘመዶቹ ቢከራከሩም ቀኑና ምስክሮቹ የታወቁ፥ የቀድሞው መሻሩም በግልጽ የተነገረ ስለ ነበረ ሐሳቡ ጸንቶ በስሙ የሚጠራው ሽልማት እስከ ዛሬ ይሰጣል።

የመጨረሻው ቃላችን ለሁለት ወገኖች ነው። አባቶች ካህናት ሆይ፤ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ከሐኪምና ከዳኛ በፊት የምትገኙ እናንተ ናችሁ። የምትጽፉትን ኑዛዜ ከጻፋችሁ በኋላ በአራቱ ምስክሮች ፊት አንብቡት፥ መነበቡንም ጻፉት፥ ቀኑን አትርሱት፤ የቀድሞ ኑዛዜ እንዳለ ጠይቁ፥ ካለም ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ አስጽፉት። ለራሳችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት በሥጋ ወይም በመንፈስ ለጠበቀው ዘመዱ ላልሆነ ሰው የተናዘዘውን ስጦታ ዳኛ ሊቀንሰው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል፤ ለኑዛዜው ምስክር ለሆነ ሰው የተሰጠውም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ሆኖ መጻፍ ለነፍስ አባት ክብሩ፥ ለተናዛዡም ዋስትናው ነው።

የመንግሥት ሹማምንት ሆይ፤ ከቡይት ራስ ዳር ተነሥቶ ደባርቅ የሚደርስ ሽማግሌ መንገዱ ቀላል አይደለም። ኑዛዜውን ለማስመዝገብ ወይም ለመለወጥ መጥቶ፥ ነገ ተመለስ፥ የሚባል እንደ ሆነ ያ ነገ ላይመጣለት ይችላል። እርሱን በዕለቱ ማስተናገድ ነገ በልጆቹ መካከል የሚነሣውን ረጅም ክርክር ማስቀረት ነው።

ኑዛዜ ያለው ሰው ሁሉ ወረቀቱን አውጥቶ ያንብበው። በውስጡ የተጠሩት ሰዎች በሕይወት አሉን? የተጠራው ገንዘብ አለን? ያልተጠራ ልጅ አለን? ከነዚህ አንዱ የተለወጠ እንደ ሆነ፥ ጤናውና አእምሮው ሳሉ ምስክሮቹን ይጥራ። ለልጅ የሚተው ውርስ ማሳና ከብት ብቻ አይደለም፤ ያለ ጠብ መካፈልም ከውርሶች ሁሉ የሚበልጥ ውርስ ነው።